መርሳ ላይ፣ ጥያቄ አሥራ አምስት

ከደሴ ተነስተን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን አልፈን፣
የበረዶ ሣጥን፣ የመርፌ ካርቶን፣ ሚዛን አዝለን፣
መርሳ ገባን ጧት።
እጄ ላይ ስድሳ ጥያቄ ያለው ወረቀት፤
ለመልሱ ሁሉ ጎጆ መሰል ጠባብ ሣጥን፣
በእርሳስ የሚጠቆር፤ "ከዚያ አትውጡ" ተብለን።

ጤና ጣቢያው ደጅ ሰው ተሰልፏል በግራር ጥላ፤
"ምዝገባው የስንዴ ነው?" ይላል አንዱ፤ "የስኳር ነው" ይላል ሌላ።
"ሊያድሉን?" "አይ፣ ሊለኩብን!" ሳቁ እየተቀባበለ
እስከ አስፋልቱ ወርዶ ተመለሰ፤ ሰልፉ ግን እዚያው አለ።

ከሰዓት ቤት ለቤት። ሙሄ አራጋው፣ ብርቱካን ሻጭ ነው፤
ሸሚዙ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው።
የሚሸጠውን አይቀምስም፣ ልጣጩን አሽትቶ ያድራል፤
"እኔና ንብ ተጣላን" ብሎ ይስቃል።
"ስኳርኮ፣ እታለም፣ የመውሊድ እንግዳ ነበር፤
በጨው ነው ቡናችን። እንግዲህ በየት በር፣
ማን ይግባ ብሎት ነው ደሜ ውስጥ የሚያድር?"

ፍሪጅ የለው። ያቺን የኢንሱሊን ብልቃጥ
ያኖራት ጓዳ ነው፣ ገንቦ ሆድ ውስጥ፣
ከወንዝ ያመጣው እርጥብ አሸዋ ከቧት።
"ሙቀት ያሳብዳታል፤ እንደ አራስ ነው የምይዛት።"
ጣቱን ወጋሁት። "ሦስት መቶ አርባ" አለች መሣሪያ።
"ተወደደ!" አለ፣ እየሳቀ፣ እንደ ገበያ።

ባለ ጥናቱ ሐኪም፣ "ይሆናል" እንጂ "ነው" የማይሉት ጨርሶም፣
እንዲህ ይጠረጥራሉ፦ ረሀብ ጠግበው ሲነሡ አይሄድም።
እናቱ ሆድ ሳለ ስንቅ ያጣ ፅንስ፣
ቆሽቱ ይቀጭጫል፣ ሳያሽት እንደታጨደ ገብስ፤
አርባ ዓመት ቆይቶ፣ አገር እህል ጠገብኩ ሲል፣
ያ ዕዳ ይመጣል፣ ከነወለዱ፣ በስኳር ስም ሊከፈል።

ለዚህ ነው ጥያቄ አሥራ አራት፦ "መቼ ተወለዱ?"
እናቱ መለሱ፣ እመት ዙበይዳ፣ ከደጁ፣ ከግንዱ
ላይ እንደተቀመጡ፦
"ሰባ ሰባት ነዋ! ጥር ላይ፤ ከሸራው ሥር፤
ስንዴው ሳይደርስልን። ጡቴ ባዶ ስልቻ ነበር።
ቆሽቴ አረረ፣ ልጄ! ቆሽቴ ድብን አለ!"
እርሳሴ ቆመች። ስንት ጥራዝ የተደከመበት በአንድ ትንፋሽ ተባለ፤
በእናት ቆሽት አርሮ በልጅ ቆሽት ከሰለ።

አሥራ አምስት፦ "ከዚያ በፊት የተወለደ ታላቅ አለው?
ካለ፣ ለማነጻጸር የእሱም ደም ይወሰድ" ነው የሚለው።
"አለው እንጂ" አሉኝ። "ይማም። ስድስት ዓመቱ ነው።"

ስድስት ዓመቱ ነው።

ከጓሮ ነፋስ የብርቱካኑን ቅጠል አገላበጠ። ሙሄ ጫማውን አየ።
ሣጥኖቹን አየሁ፣ ሦስት ናቸው ከፊቴ፦
"አለ"፤ "የለም"፤ "ፈቃደኛ አልሆነም"። የቷን ላጥቁር፣ በሞቴ?

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "እስቲ ልጠይቅሽ አንዴ፣
እኔ ነኝ ያሳመምሁት? በዚያ ባዶ ሆዴ?"
"መረጃ ሰብሳቢ አስተያየት አይሰጥም" ይላል መመሪያው፣ ገጽ ሦስት።
"አይደለም፣ እማ፣ አብሽሩ" አልኳቸው። ሳይንስ ይሁን ማባበል፣ እስከዛሬ አልለየሁት።

ሙሄ ብርቱካን ልጦ ለሁላችን አደለ፣
ለራሱ ልጣጩን በመዳፉ ጠቀለለ።
ጓንቴን ባወልቅም ሽታው ከጣቴ አልወጣም፣ እስከ ውጫሌ ድረስ።

በሳምንቱ ደሴ ላይ መረጃ የሚያጸዳው ልጅ ደወለልኝ፦
"አሥራ አምስት ባዶ ነው፤ ረስተሽ ነው?" አለኝ።
መርሳ ላይ ማን ይረሳ!
"ጠርዙን እየው" አልኩት፣ "ከታች፣ በእርሳስ፦
ይማም አራጋው፣ ስድስት ዓመቱ ነው። ደም አልተወሰደም።"